የፍኖተ ሰላሙ ጊታር ዋጋ

የአሜሪካው ጊብሰን ኩባንያ በ1949 አዲስ የኤሌክትሪክ ጊታር ሲያወጣ ስለ ስሙ ብዙ አልተጨነቀም። መሸጫው 175 ዶላር ነበር፤ ስሙንም ኢኤስ-175 አለው። በ1936 የወጣው ኢኤስ-150ም ከነአምፕሊፋየሩ 150 ዶላር ገደማ ስለሚሸጥ ቁጥሩን ያገኘው ከዚያው ከዋጋው ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በደህና ይዞታ ላይ ያለ የ1950ዎቹ ኢኤስ-175 በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ሞዴላቸውም የተሠሩበት ዓመትም አንድ የሆኑ ሁለት ጊታሮች ግን አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። እጥፍ ያደረገው ምን እንደሆነ ከሩቅ አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ከቅርብም አይታይም።

የዚህ ገበያ ወሬ ፍኖተ ሰላም የደረሰው በስልክ ነው። ተቀባዩ ስድሳውን ያለፉ ሰው ናቸው። ስማቸው እንዲጠራ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልሁ እቀጥላለሁ። በደርግ ጊዜ በየአውራጃው የኪነት ቡድን ነበር፤ ጋሼም በቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ ቡድን ውስጥ ሊድ ጊታር ይመቱ ነበር። ጊታሩን በ1974 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ፣ ሆቴል ውስጥ ይጫወት ከነበረ ሰው ገዙት። ዛሬ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይኖራል።

የእህታቸው ልጅ አንድ ቀን ስልኩን ይዞ ይመጣል። «ጋሼ፣ ይኸ የርስዎ አይደለም ወይ?» ሆዱ ሰፊ፣ ደረቱ ላይ በኤፍ ፊደል ቅርጽ የተቀደዱ ሁለት ቀዳዳዎች ያሉት፣ ብርቱካናማ ጊታር ነው። ከሥሩ 8,500 ዶላር ይላል። ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው 1,275,000 ብር ይመጣል። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴ በሰው በሰው ሰምቶ ደውሎ ነበር፤ እሱ ያቀረበው 40,000 ብር ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል አንድ ቤት ይሠራል። ጋሼ እንቅልፍ አጡ፤ እኔም ጊታሩን አይቼ ዋጋውን እንድገምት የተጠራሁት ያን ጊዜ ነው።

ገና ከረጢቱ ሳይፈታ የማውቀው አንድ ነገር ነበር። 8,500 ዶላሩ ሻጩ የጠራው ዋጋ ነው። ገዢ የከፈለው አይደለም። በጥንት ጊታር ገበያ ውስጥ የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሻጭ ያሻውን ይጠራል፤ ዓመት ሙሉ ተሰቅሎ የሚከርም ጊታር አለ። ዋጋ ለመገመት የሚጠቅመው በቅርብ ወራት እጅ የለወጠው፣ ሞዴሉና ይዞታው የሚቀራረብ ጊታር የወጣበት ገንዘብ ብቻ ነው። ነጋዴ ሲገዛ ደግሞ ከዚያ ላይ የሱቁን፣ የጥገናውንና የትርፉን አንስቶ ግማሽ ወይም ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ይሰጣል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የትም አገር ያለ የንግድ ሥራ ነው።

ሁለተኛ ነገርም ነበር። በስልኩ ላይ የሚታየው ግሬች 6120 ነው፤ አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ቼት አትኪንስ ስሙን የሰጠውና ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሸጠ። የጋሼ ጊታር ሲወጣ ግን የሚመሳሰሉት በሁለቱ ቀዳዳዎች ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ሆዱ ባዶ የሆነ የኤሌክትሪክ ጊታር ለምን እንዲህ ይፈለጋል? ነገሩ የተጀመረው በችግር ነው። በ1930ዎቹ የጃዝ ባንዶች ሲሰፉ፣ መለከትና ሳክስፎን ሲበዛ፣ የጊታር ድምፅ ጠፋ። ፋብሪካዎቹም ያንኑ ባለ ሳጥን ጊታር ወስደው ከክሮቹ ሥር ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ጥቅል፣ ማለትም ፒካፕ፣ ገጠሙለት። የጃዝ ተጫዋቹ ቻርሊ ክርስቲያን ኢኤስ-150ን ይዞ ሲነሳ ጊታር ከአጃቢነት ወጥቶ ብቻውን የሚያዜም መሣሪያ ሆነ። ሳጥኑ የሚሰጠው ለስላሳና ክብ ድምፅ እስከ ዛሬ ይወደዳል። ጣጣም አለው። አምፕሊፋየሩ ከፍ ሲል ድምፁ ተመልሶ ሳጥኑን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሳጥኑ ክሩን፣ ክሩ ፒካፑን፣ ከዚያ መድረኩ በጩኸት ይሞላል። ጊብሰን በ1958 ኢኤስ-335ን ያወጣው ለዚህ ነው፤ ጎኖቹ ባዶ፣ መሐሉ ላይ ግን ከአንገት እስከ ጭራ የሚሄድ ድፍን እንጨት ያለው። የመጀመሪያው ዋጋ 267 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ ዛሬ ከ1958 እስከ 1960 የተሠሩት ያልተነኩ እንደሆነ በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆጠራሉ። የብሉዝ ተጫዋቹ ቢ.ቢ. ኪንግ ጩኸቱን ለመግታት ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ይደፍን ነበር፤ ጊብሰንም በ1980 በእሱ ጊታር ስም «ሉሲል» ያለውን ሞዴል ሲያወጣ ቀዳዳዎቹን ጨርሶ ተዋቸው።

በጋሼ ጊታር ሆድ ውስጥም ጨርቅ አለ። የስልክ መብራት በቀዳዳው ሲገባ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ፣ ጥለቱ ሳይቀር፣ ታጥፎ ተወትፎ ታየ። «አምፑ ይጮህብን ነበር» አሉ። «አዳራሹ ቆርቆሮ፣ ሕዝቡ ብዙ። ባለቤቴ ነጠላዋን ቀዳ ሰጠችኝ።»

እንዲህ ያሉ ጊታሮች ወደ አገራችን የገቡበትን መንገድ መከታተል ለዋጋ ግምት ይጠቅማል፤ የቱ ብርቅ፣ የቱ ተራ እንደሆነ ይነግራልና። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች በነሐስ መሣሪያ ላይ የቆሙ ነበሩ። ጊታሩ እየጎላ የመጣው በ1960ዎቹ፣ ትናንሽ ባንዶች በሆቴልና በምሽት ክበብ ሲበዙ ነው። አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ከነሬዲዮው፣ ከ1962 ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ ወጣቶች፣ ከውጭ ትምህርት የተመለሱ ልጆች፣ ሁሉም ሸክላና መሣሪያ ይዘው መጡ። አምሃ እሸቴ በ1969 የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ቦታው ተመቻችቶ ነበር። በ1975 ማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ»ን ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሲያስቀርጽ ጊታሩ የሰላም ሥዩም፣ ቤዙ የጆቫኒ ሪኮ ነበር። በ1977 የወጣው የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» ላይ ደግሞ የማሕሙድ አማን ጊታር አለ። ከአብዮቱ ጋር ግን የሰዓት እላፊ መጥቶ ነበር፤ የምሽት ክበቡ ደበዘዘ፤ ሙዚቀኛው ከፊሉ ተሰደደ። የሚሄድ ሰው መሣሪያ ይሸጣል። ጋሼ ፒያሳ ላይ የገዙት ጊታርም እንዲህ ካለው ማዕበል የተረፈ መሆን አለበት ብዬ እገምታለሁ፤ ሻጩ «ልሄድ ነው» ብሏቸው ነበርና።

ወደ ምርመራው እንሂድ። ቡሬ ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ጥርሷን ገልጦ፣ ኮቴዋን አንስቶ፣ ኮርቻ የሚያርፍበትን ጀርባዋን ዳብሶ ያያል። የጥንት ጊታር ገዢም ደረቱን እያየ አያደንቅም፤ ገልብጦ የሚያየው ሌላ ቦታ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ራስና አንገት የሚገናኙበት ቦታ ነው። በጊብሰን ጊታሮች ላይ ራሱ ወደ ኋላ 17 ዲግሪ ያጋድል ነበር፤ በዚያ ላይ የአንገቱን ብረት ማስተካከያ ለማስገባት እንጨቱ እዚያው ላይ ተቦርቡሯል። አንድ ጊዜ ወደ ኋላው ከወደቀ ይሰነጠቃል። በደንብ ከተጣበቀ ድምፁ ላይ ለውጥ አይሰማም ይሆናል፤ ዋጋው ግን በግማሽ ይወርዳል። በገበያው ውስጥ እንደ ሕግ የሚነገር ነው። ስለዚህ ገዢ በጥፍሩ ይዳስሳል፣ በመብራት ያያል፣ ቀለም ተደራርቦበት እንደሆነ ይፈትሻል።

ቀጥሎ ቀለም። ፋብሪካው የቀባው ቀለም ቢላላጥ፣ ቢሰነጣጠቅ፣ የተጫዋቹ ክንድ ቢልጠው ችግር የለም፤ እንደውም ይወደዳል። ተፍቆ እንደገና የተቀባ እንደሆነ ግን፣ ሥራው ምንም ያህል ቢያምር፣ እዚህም ዋጋው ወደ ግማሽ ይወርዳል። አዳዲስ ሰዎችን የሚያስቆጣው ይህ ነው፤ የቆሸሸው ከታደሰው ይበልጣል። እኔም ብሆን ሙሉ በሙሉ አልተቀበልሁትም፤ ሰብሳቢ የሚከፍለው ግን ለዚህ ነው።

ፒካፑ ለብቻው ታሪክ አለው። ሴት ላቨር የሚባል የጊብሰን መሐንዲስ ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን አድርጎ የኤሌክትሪክ እምምታውን ያጠፋ ፒካፕ ሠራ፤ የባለቤትነት ማመልከቻው በ1955 ገባ። ከ1957 ጀምሮ ከፒካፑ ሥር «ማመልከቻ ቀርቧል» የሚል ትንሽ ጥቁር ወረቀት ይለጠፍ ነበር። ማረጋገጫው በ1959 ቢሰጥም ወረቀቱ እስከ 1962 ገደማ ቀጠለ። በኋላ በቁጥር ሲተካ ደግሞ ኩባንያው የለጠፈው የፒካፑን ቁጥር ሳይሆን ጊታር ተጫዋቹ ሌስ ፖል ያስመዘገበውን የክር መያዣ ቁጥር ነው፤ ተፎካካሪ እንዳይከታተለው ይሆናል፣ ስህተትም ይሆናል። ዛሬ የመጀመሪያው ወረቀት ያለበት አንድ ጥንድ ፒካፕ ብቻውን ከአንድ ደህና አዲስ ጊታር በላይ ያወጣል። ይህን የሚያውቅ ሌባም አለ፤ ጊታሩን ትቶ ፒካፑን ይለውጣል። ገዢ ፒካፑ እንዲነሳ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

የተሠራበትን ዓመት ማወቅም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ጊብሰን በ1960ዎቹ አንዱን መለያ ቁጥር ደጋግሞ ተጠቅሟል፤ ቁጥሩ ብቻውን አያስረዳም። የተሻለ ምስክር የድምፅ ማስተካከያው ጀርባ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች የሠራውን ፋብሪካ፣ ቀጣዮቹ ዓመቱንና ሳምንቱን ይናገራሉ። 1376432 ቢል 137 ሲቲኤስ የተባለው ፋብሪካ ነው፣ 64 ዓመቱ፣ 32 ሳምንቱ። ጊታሩ ከዚያ ሳምንት በፊት ሊገጣጠም አይችልም፤ ብየዳው ያልተነካ ከሆነ ማለት ነው። አንድ ዓመት ወዲያና ወዲህ መሆኑ ገንዘብ ነው፤ በ1965 ጊብሰን የአንገቱን ስፋት ስላጠበበው ከዚያ በፊት የተሠሩት ለጣት ይመቻሉ ተብለው ይወደዳሉ።

አሁን የጋሼን ጊታር እናገላብጥ።

ራሱ ላይ የስም ምልክት የለም፤ ሁለት የሚስማር ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። አንገቱ ከሳጥኑ ጋር የተያያዘው በሙጫ ሳይሆን በአራት ብሎን ነው። ብሎኖቹ የሚይዙት ሳህን ላይ ጃፓን መሠራቱ ተቀርጿል። ይህ ብዙ ነገር ዘጋልን። በ1960ዎቹ እንደ ቴይስኮ ያሉ የጃፓን ፋብሪካዎች ለውጭ ገበያ በብዛት ሠርተዋል፤ አንዱ ፋብሪካ አስመጪው በፈለገው ስም ሁሉ ያትም ስለነበር ስም የሌለውን ጊታር ወደ ፋብሪካው መመለስ ያስቸግራል። ያ ገበያ በዘመኑ ማብቂያ ላይ ቀዘቀዘ፤ ቴይስኮንም በ1967 ካዋይ ገዛው። ስማቸው የማይታወቅ ጃፓን ሠራሽ ባለ ሳጥን ጊታሮች ዛሬ በውጭ ገበያ ሙሉ ሆነው ሲገኙ የሚያወጡት ጥቂት መቶ ዶላር ነው።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙ። «እሽ፣ ቀጥል» አሉ።

ስድስቱ መቃኛዎች ከሦስት ቦታ የመጡ ናቸው። የአንገቱ ፒካፕ ከፋብሪካው ነው፤ የታችኛው ግን በ1980 ዓ.ም. ግድም ሞቶ ነበር። አንድ ሬዲዮ ሠሪ ፈታው፣ ከተቃጠለ ሬዲዮ ትራንስፎርመር ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አውጥቶ በእጁ ጠቀለለው። ሰካነው፤ ይሠራል። ድምፁ ቀጠን ያለና ትንሽ የሚያፏጭ ነው። እኔ ወደድሁት፤ ገበያው ግን አይጠይቀኝም። ገመዱ የሚሰካበት ጃክ የሬዲዮ ነው። ቀለሙ ደግሞ የበር ቀለም ነው፣ ቀይ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር የቡድኑ ኃላፊ መሣሪያዎቹ ሁሉ ቀይ ይሁኑ አለ፤ ከበሮውም፣ ጊታሩም፣ የድምፅ ማጉያው ሳጥንም ተቀባ። «አኮርዲዮኑን አስጥለን ነው» ሲሉ ጋሼ ሳቁ። ከቀዳዳዎቹ ጠርዝ ላይ ቀዩ ሲነሳ ከሥሩ ቡናማው ይታያል።

ክሮቹን የሚሸከመው ብሪጅ ተሰብሮ ጠፍቷል። በምትኩ የቆመው የዋንዛ እንጨት ነው፣ የተጠረበው በመሰንቆ ሠሪ።

ያ ሰው ዛሬ የለም፤ ሙያውን የያዘው ዘመዱ ግን እዚያው ሠፈር ስላለ ሄድን። ሁለት መሰንቆ በእጁ ላይ ነበር፤ አንዱ ገና ቆዳ ያልለበሰ የዋንዛ ሳጥን፣ አንዱ ለጥገና የመጣ። መሰንቆም በራሱ ሆዱ ባዶ መሣሪያ ነው፤ ሳጥን፣ የተወጠረ የፍየል ቆዳ፣ አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ ክሩን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዝ ብርኩማ። ዋጋውን ሲያወጣ ምን እንደሚያይ ጠየቅሁት።

«ድምፁን ነዋ» አለ። «ሌላ ምን አለው?»

አሮጌ ከሆነስ?

«አሮጌ ከሆነ እንጨቱ ደርቋል፣ ጥሩ ነው። ቆዳው ግን ይሞታል። እሱን እቀይራለሁ። ጭራውንም። አንገቱ ከተጣመመ አንገቱን።» ሁሉም ከተቀየረ ያው መሰንቆ ነው ወይ ብዬ ልጠይቅ አሰብሁና ተውሁት፤ ለእሱ ጥያቄ አይመስለኝም። ሠርግ ላይ የሚዞር አዝማሪ የአያቱን መሰንቆ ይዞ ሲመጣ ቆዳው ከአያቱ ዘመን እንዲሆን አይጠብቅም። ተጠግኖ ካልተጫወተ እንጀራ የለም።

በጊታር ሰብሳቢውና በአዝማሪው መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሰብሳቢው የሚከፍለው እጅ ላልነካው፣ አዝማሪው የሚከፍለው እጅ ላደነው ነው። የጋሼ ጊታር አርባ ዓመት የኖረው በሁለተኛው ሕግ ነው፤ መለዋወጫ በማይገባበት ዘመን ሬዲዮ ሠሪውና መሰንቆ ሠሪው ባይኖሩ ኖሮ በ1980 ዓ.ም. ማገዶ ሆኖ ነበር። በአንደኛው ሕግ ሲመዘን ግን ያዳነው እያንዳንዱ እጅ ዋጋውን ቀንሶበታል።

ሒሳቡ ይኸውና። ሙሉው ጊታር፣ ለምሳሌ፣ 400 ዶላር ያወጣል እንበል። ቀለሙ ስለተለወጠ ግማሹ ይሄዳል፣ 200። መቃኛ፣ ፒካፕ፣ ብሪጅና የስም ምልክት ሲቀነስ 120 ወይም 150 ዶላር ላይ ይቆማል። በ150 ብር ስናበዛው ከ18,000 እስከ 22,500 ብር ነው። ወደ ውጭ ለመላክ ሣጥኑና ጭነቱ ብቻ ይህን ሊበላው ይችላል። አሜሪካ ላለ ሰብሳቢ መሸጥ ማለት ጊታሩን በነጻ መስጠት ነው። ስለዚህ የነጋዴው 40,000 ብር እንደተፈራው ማታለል አልነበረም፤ በውጭው ሚዛን ሲታይ እንደውም ብዙ ነው።

ታዲያ ነጋዴው ለምን ብዙ ሰጠ? የዋህ ስለሆነ አይደለም። እሱ የሚሸጠው ለአዲስ አበባ ተጫዋች ነው፤ ለአገር ውስጥ ተጫዋች ደግሞ ዋጋው የሚጀምረው «ይህን ትቼ ሌላ ልግዛ ብል ስንት ይፈጅብኛል?» ከሚለው ነው። ውጭ አገር 300 ዶላር የሚሸጥ አዲስ፣ ርካሽ ባለ ሳጥን ጊታር በዚሁ ምንዛሪ 45,000 ብር ነው፤ ጭነት፣ ቀረጥና የአስመጪው ትርፍ ሲጨመርበት ከ60,000 እስከ 70,000 ይደርሳል ብዬ እገምታለሁ፤ ያውም ከተገኘ። ሐምሌ 2024 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 58 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አገር ውስጥ የነበረ የሚሠራ መሣሪያ ሁሉ ያን ጊዜ ባለቤቱ ሳያውቅ በብር ተወደደ። ከአዲሱ ላይ ለእርጅናው፣ ለመቃኛው መላላትና ለጃኩ ቀንሰን፣ ለድምፁ መልሰን ስንጨምር 50,000ና 60,000 ብር መካከል የሚሆን ይመስለኛል። የተጠጋገነው ጊታር ከባሕር ማዶ ይልቅ ፍኖተ ሰላም ላይ ይወደዳል ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይህን ሒሳብ ሊገለብጠው ይችል ነበር፤ ማን ተጫወተበት የሚለው። ኤሪክ ክላፕተን በ1964 የተሠራ ኢኤስ-335ቱን በ2004 ለጨረታ ሲያቀርብ 847,500 ዶላር ወጣበት። ቢ.ቢ. ኪንግ ለ80ኛ ዓመቱ የተሰጠው ሉሲል በ2019 በ280,000 ዶላር ተሸጠ። ከሁሉ የሚገርመው በ2020 የተሸጠው የከርት ኮቤይን ማርቲን ጊታር ነው፤ ፒካፕ የተገጠመለት፣ በ1959 የተሠራ ባለ ሳጥን ጊታር፣ ስድስት ሚሊዮን አሥር ሺህ ዶላር። እነዚህ የእንጨትና የሽቦ ዋጋዎች አይደሉም። ገዢዎቹ የከፈሉት ለማስረጃ ነው፤ ለፊልም፣ ለፎቶ፣ ለደረሰኝ፣ ለባለቤቱ ፊርማ። የእንጨት መስመር እንደ ጣት አሻራ ስለሚለያይ የጨረታ ቤቶች የድሮ ፎቶ አጉልተው ከጊታሩ ደረት ጋር ያመሳክራሉ። ያለ ማስረጃ «እገሌ ተጫውቶበታል» የሚል ወሬ ዋጋው ዜሮ ነው።

የእኛ ችግር እዚህ ጋ ይከፋል። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ሸክላዎች ላይ የምንሰማቸው ጊታሮች ዛሬ የት እንዳሉ የተጻፈ ነገር ማግኘት ከባድ ነው። ሙዚቃው ከ1997 ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባሳተማቸው «ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች ዓለምን ሲዞር፣ የጥንቶቹ ሸክላዎች በሰብሳቢዎች ዘንድ ሲወደዱ፣ መሣሪያዎቹን የፈለገ ብዙ ሰው አልነበረም። የጋሼም ጊታር ያንን የሆቴል ባንድ ሰው ስም ቢይዝ ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር። ጋሼ የሚያስታውሱት የቤት ስሙን ብቻ ነው። ደረሰኝ የለም።

ፎቶ ግን አላቸው፤ ጥቁርና ነጭ። መድረክ፣ ካኪ የለበሱ አሥራ አንድ ወጣቶች፣ ከኋላቸው ማጭድና መዶሻ፤ ከግራ ሦስተኛው ጋሼ ናቸው። ጊታሩ በጥቁርና ነጩ ላይ እንኳ በአዲስ ቀለም ያብለጨልጫል። ይህ ፎቶ ስድስት ሚሊዮን አያመጣም። የአውራጃ የኪነት ቡድኖችን ታሪክ የሚያጠና ሰው ወይም የክልሉ ሙዚየም አንድ ቀን ቢመጣ ግን ያንን ቀይ የበር ቀለም ከጉድለት ወደ ማስረጃ የሚቀይረው እሱ ነው። ፎቶው ላይ በጋሼ ደረት የሚታየው ጊታር ተፍቆ ቡናማ ከሆነ፣ ያ ጊታር አይደለም። ስለዚህ ለጋሼ የሰጠሁት ምክር አንድ ነበር፦ እንዳያስቀቡት፣ እንዳያስጠግኑት፣ የነጠላውን ቁራጭ እንኳ እንዳያወጡት። ሻጮች ከሁሉ በላይ የሚከስሩት ለገዢ እንዲያምር ብለው ሲያሳምሩ ነው።

ነጋዴው ድጋሚ ሲደወልለት 45,000 አለ፤ ጊታሩን በአውቶቡስ እንዲልኩለት፣ እሱም አይቶ ገንዘቡን እንዲልክ ጠየቀ። መንገዱ ይዘጋና ይከፈት ስለነበር ጋሼ ይህን አልወደዱትም። በሳምንቱ ከቡሬ አንድ ወጣት መጣ፤ ሠርግ ላይ ኪቦርድና ጊታር የሚጫወት፣ አባቱ በርበሬ የሚያመርቱ። ሰካ፣ ቃኘ፣ የታችኛውን ፒካፕ ብቻ እየከፈተ ረጅም ጊዜ ተጫወተ። ስለ መቃኛዎቹ አጉረመረመ። 48 ብሎ ጀመረ፤ ጋሼ 65 አሉ። «ጋሼ፣ ቁርጡን ይንገሩኝ» «ቁርጡ ስድሳ ነው» «ኧረ ይቀንሱልኝ፣ መቃኛ ልገዛለት ነው እኮ»። 56,000 ላይ ተጨባበጡ፤ 30,000 ቀብድ፣ የቀረው በርበሬው ተሸጦ ታኅሣሥ ላይ። የእህታቸው ልጅ አኩርፎ ወጣ፤ እሱ እስከ መጨረሻው ድረስ ሚሊዮኑን አልተወም።

ውሉ በሦስት ምስክር ፊት ተጻፈ። ጸሐፊው «አንድ የኤሌክትሪክ ጊታር» ብሎ ሊያልፍ ሲል አስቆምነው፤ ከዋጋው ቀጥሎ የሚከተለው ገባ፦ «አገሩ ጃፓን፤ ምልክት የሌለው፤ ቀለሙ በመስከረም 1977 ዓ.ም. በኪነት ቡድኑ ትእዛዝ ቀይ የተቀባ፤ የታችኛው ፒካፕ በእጅ የተጠቀለለ፤ ብሪጁ ዋንዛ፤ ሆዱ ውስጥ ጨርቅ ያለበት። የፎቶው ቅጂ ለገዢ ተሰጥቷል፤ ዋናው ከሻጭ ጋር ነው።» ወጣቱ አንብቦ ፈረመ፤ «ጨርቁ ይቆጠራል እንዴ?» አለ። ይቆጠራል አልነው።